የማክግሬገርን ስም የያዘ ሁሉ የማክግሬገር ዘር ነው ወይ?

አቅራቢ፦

ጥያቄውን እንዳነሣ ያደረጉኝ ኤዲንብራ ውስጥ ከእኔ ፎቅ በታች የሚኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው። የቤተሰባቸው ስም ድራመንድ ነው፤ አያታቸው ግን «እኛ በእውነቱ ማክግሬገሮች ነን» እያሉ እንዳሳደጓቸው ይናገራሉ። ልጃቸው ይህን አይቀበልም፤ መታወቂያችን ላይ የተጻፈው ድራመንድ ከሆነ እኛም ድራመንድ ነን ይላል። አባትና ልጅ በዚህ ነገር ለዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል። እንግዲህ ማክግሬገርን የመሰለ የስኮትላንድ ጎሳ ተወላጅነት የሚታወቀው በስም ነው፣ በደም ነው ወይስ በመዝገብ?

አቋሜን ሳልደብቅ ልናገር። ስም ብቻውን ዘርን አያረጋግጥም፤ ስሙ አለመኖሩም ዘርን አያስተባብልም። ለዚህም ከማክግሬገሮች ታሪክ የበለጠ ምስክር የለም። በ1603 እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ ወር ግለን ፍሩን በተባለው ሸለቆ የኮልሁን ጎሳን ክፉኛ ድል ካደረጉ በኋላ፣ የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ ስድስተኛ የእንግሊዝን ዘውድ ለመቀበል ወደ ለንደን ሊነሣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የንጉሡ ምክር ቤት ማክግሬገር የሚባለው ስም ጨርሶ እንዲጠፋ፣ ስሙን አልተውም ያለም በሞት እንዲቀጣ ወሰነ። የጎሳው አለቃ አላስደር በቀጣዩ ጃንዋሪ ኤዲንብራ ላይ ተሰቀለ። ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ በ1661 እገዳውን አነሣ፤ በ1693 እንደገና ተጣለ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተሻረው በ1774 ነው። ሲደመር 139 ዓመት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰዎቹ ካምቤል፣ ድራመንድ፣ መሪ፣ ግራሃም፣ ስቱዋርት እየተባሉ ወለዱ፣ ተቀበሩም። በነፍስ ፍርሃት የተጣለን ስም የዘር መለኪያ ማድረግ ፍርድ አይመስለኝም።

ሁለተኛዋ ተናጋሪ፦

ወንድሜ፣ ታሪኩን በሚገባ አቅርበሃል፤ ከታሪኩ ያወጣኸውን ድምዳሜ ግን አልቀበለውም። ጎሳ የምንለው «ክላን» የሚለው የጌሊክ፣ ማለትም የጥንቱ የስኮትላንድ ደጋ ቋንቋ፣ ቃል ትርጉሙ «ልጆች» ማለት ነው። «ማክ» ደግሞ የእገሌ ልጅ ማለት ሲሆን፣ ለሴት «ኒክ» ይባላል። ስለዚህ ስሙ ራሱ የትውልድ ቃል ነው። ጎሳው እስከ ዛሬ የሚጠቀምበት መፈክር «ዘሬ ንጉሣዊ ነው» የሚል መሆኑን አትርሳ። ያ ሁሉ ሰው ስሙን በልቡ ይዞ፣ ልጆቹን በሹክሹክታ እያስተማረ ቆይቶ፣ ሕጉ በተሻረ ማግሥት ስሙን መልሶ ሲያነሣ፣ «ስሙ ምንም አያረጋግጥም» ብሎ መናገር የእነዚያን ሰዎች ታማኝነት ዋጋ ማሳጣት ነው። የተመለሰ ስም ከወትሮው ስም ይበልጥ ይመሰክራል እላለሁ።

ሦስተኛው ተናጋሪ፦

እህቴ ስለ ታማኝነቱ ያሉት ልክ ነው። ነገር ግን ታማኝነትና ዘር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የዚህ ክርክር ፈተናም እዚህ ላይ ነው።

በስኮትላንድ ደጋማ አገር ብዙው ሕዝብ ቋሚ የቤተሰብ ስም የያዘው ከጊዜ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ኢየን የዶናልድ ልጅ፣ የአላስደር የልጅ ልጅ እየተባለ ይጠራ ነበር፤ እኛ ስማችንን ከአባትና ከአያት ጋር እንደምንጠራው ማለት ነው። የጎሳው ስም የሚነሣው ሰውየው ከአገሩ ሲወጣ ወይም ጸሐፊ ፊት ሲቆም ነበር፤ ያን ጊዜም ባላገሩ የሚኖርበትን መሬት ባለቤት ስም መያዙ የተለመደ ነው። ፍሬዘር በተባለው ሌላ ጎሳ ዘንድ አንድ ቁና እህል ተቀብለው ፍሬዘር ስለተባሉ ሰዎች የሚነገር የቆየ አፈ ታሪክ አለ። የጡት ልጅነትም በአለቆቹ ቤት የጸና ልማድ ነበር። ለመሆኑ ሕጉ ከተሻረ በኋላ 826 የጎሳው ሰዎች ፈርመው አለቃችን ነው ያሉት ሰው ማን ይባል ነበር? ጆን መሪ! ማክግሬገር የሚለውን ስም ቤተሰቡ የመለሰው በኋላ ነው። ስመ ጥሩው የጎሳው ሽፍታ ሮብ ሮይም ቢሆን በእገዳው ዘመን ካምቤል የሚለውን የእናቱን ስም ይጠቀም ነበር።

ስለዚህ የዘር ሐረግ ፍለጋ ከአለቃው ወደ ታች ሳይሆን ከራስ ወደ ላይ መሄድ አለበት። በስኮትላንድ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መመዝገብ የጀመሩት ጃንዋሪ 1 ቀን 1855 ነው። የሞት መዝገቡ የሟቹን አባትና እናት፣ እናትየዋንም ከጋብቻ በፊት በነበራት ስም ጭምር ይጠቅሳል፤ ይህን የመሰለ መዝገብ በብዙ አገር አይገኝም። ከ1855 በፊት ያለው የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፤ እሱም በየቦታው የተቆራረጠ ነው፤ በደጋው ደግሞ ይብሳል። በነገራችን ላይ፣ «ማክ» በሙሉ (Mac) ሲጻፍ ስኮትላንዳዊ፣ ሲያጥር (Mc) አየርላንዳዊ ነው የሚባለው ተረት ነው። በድሮው እጅ ጽሑፍ ያው ጸሐፊ የአንዱን ሰው ስም በሁለት ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት አድርጎ ይጽፈዋል።

አራተኛው ተናጋሪ፦

የዲኤንኤ ምርመራ አለመነሣቱ ገረመኝ። ዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ልክ እንደ ቤተሰብ ስም ይጓዛል። ብራያን ሳይክስ የተባለው የኦክስፎርድ ተመራማሪ የማክዶናልድና የማክአሊስተር ጎሳ አለቆችን መርምሮ አንድ የጋራ የአባት መስመር አግኝቶባቸዋል፤ መስመሩንም በ1164 ከሞተው የምዕራብ ስኮትላንድ ደሴቶች ገዥ ከሶመርሌድ የወረደ ነው ብሎታል። የሚገርመው፣ የጎሳዎቹ ጸሐፍት ሶመርሌድን ከአየርላንድ ነገሥታት ሲያዋልዱት፣ ክሮሞዞሙ የጠቆመው ግን ወደ ኖርዌይ ነው። ስለዚህ ሁለተኛዋ ተናጋሪ «ስሙ ትውልድን ይናገራል» ያሉት በአለቆቹ ላይ ተረጋግጧል፤ ጸሐፍቱ ከሶመርሌድ በላይ የጻፉት የዘር ሐረግ ግን አልጸናም።

ሁለተኛዋ ተናጋሪ፦

እናትስ? ወደ ላይ ሲቆጠር በአሥረኛው ትውልድ ላይ ያሉት ወላጆች 1,024 ሲሆኑ ያ ክሮሞዞም የሚናገረው ስለ አንዱ ብቻ ነው። ከማክግሬገር እናት የተወለደ ሰው በዚህ ምርመራ ባዕድ ሊባል ነው?

አራተኛው ተናጋሪ፦

አይባልም። ምርመራው የሚመልሰው ስለ ቀጥታው የአባት መስመር ብቻ ነው። ዘመድነትን በሙሉ ይለካል ብዬ ከሆነ ቃሌን አንሥቻለሁ።

አቅራቢ፦

ክርክሩ ሲቀጥል አዛውንቱን ይዤ በፕሪንስስ ጎዳና ጫፍ ወዳለው የመዝገብ ቤት ሄጄ ነበር። ሦስተኛው ተናጋሪ እንዳሉት ከራሳቸው ልደት ጀመርን። እስከ 1855 ድረስ መንገዱ ቀና ነበር፤ የአያታቸው አባት የሞት መዝገብም እናቱ ከጋብቻ በፊት የነበራትን ስም ሰጠን። ከዚያ በኋላ በፐርዝሻየር የአንድ አጥቢያ የክርስትና መዝገብ ላይ ግማሽ ቀን ፈጀን። ቀለሙ ቡኒ ሆኗል፤ የገጹ ጥግ በእርጥበት ተበልቷል። በ1768 ክርስትና የተነሣ ሕፃን አባት ስም ላይ ስንደርስ «ድራመንድ፣ አሊያስ (በሌላ ስሙ) ማክግሬገር» ይላል። ስሙ በሕግ ተከልክሎ ሳለ ጸሐፊው ጻፈው! አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ እንደገና አነበቡት፤ ለረጅም ጊዜም አልተናገሩም።

ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ለሁለተኛዋ ተናጋሪ እመሰክራለሁ። ስም የሚያረጋግጠው ነገር እንደሌለ አድርጌ መናገሬ ከልክ ያለፈ ነበር፤ ያቺ መስመር አንድ ሰው በሁለት ስም ይኖር እንደነበርና ሰፈሩም እንደሚያውቀው ታረጋግጣለች። ግን ያ ሰው የጎሳው ስም ከተገኘበት ከግሬገር የተወለደ ነው ወይስ አባቶቹ ለማክግሬገር አለቃ ያደሩ ባላገሮች ነበሩ? መስመሯ ይህን አትናገርም፤ በዚህ አቋሜ እንደጸና ነው። ልጃቸው ያን ገጽ በስልኬ ሲያይ አባቱን እንደ ወትሮው አልተከራከረም፤ «የዚህ ሰውዬ አባትስ ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። በሚቀጥለው ሳምንት የአጎራባቹን አጥቢያ መዝገብ ለማየት ሦስታችንም አብረን እንሄዳለን፤ ለዲኤንኤ ምርመራውም ምራቁን የሚሰጠው እሱ ነው።