ሰማያዊው ፎቶዬ እየታጠበ ለምን ይጠፋል? ሻዩስ ለምን አጨቀየው?

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ
እንደምን ከረማችሁ። ከአዲስ ዓመት ወዲህ ቤት ውስጥ ሳያኖታይፕ እየሞከርኩ ነው፤ በፀሐይ የሚታተመውን ሰማያዊ ፎቶ ማለቴ ነው። ለበዓሉ የነቀልነውን እንግጫና አደይ አበባ ወረቀት ላይ አስተኝቼ መልካቸውን ላስቀር ፈልጌ ነበር።

25 ግራም ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 10 ግራም ፖታሺየም ፌሪሳያናይድ ደግሞ በሌላ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በጠበጥኩ። ሁለቱን እኩል ለእኩል ቀላቅዬ ማታ ወረቀቱን ቀባሁት። ጨለማ ውስጥ አደረ። ረፋድ ላይ እንግጫውን አስተኝቼ፣ መስታወት ጭኜ፣ 6 ደቂቃ ፀሐይ ላይ አቆየሁት።

ሳፋ ውስጥ ሳጥበው መጀመሪያ ያምራል። ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ግን ሰማያዊው እየሳሳ ሄዶ ቢጫ ቢጤ ይሆናል። ከተረፉት አንዱን ቡናማ ላድርገው ብዬ ሻይ ውስጥ አሳደርኩት። ወረቀቱ በሙሉ ጭቃ መሰለ። ኬሚካሉን ያስመጣሁት ከአዲስ አበባ ነው፤ የቀረኝም ትንሽ ነው። እንዳላባክነው እርዱኝ።

ፎቶ አንሺ፣ ባሕር ዳር
እንግጫ ማተምሽ ደስ ብሎኛል። ዘዴው ገና ሲጀመርም ለዕፅዋት ነው የዋለው። ጆን ኸርሼል በ1842 እ.ኤ.አ. አገኘው፤ በዓመቱ አና አትኪንስ የባሕር አረም ምስሎችን በዚሁ መንገድ አትማ ማሳተም ጀመረች።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ 6 ደቂቃ ያንሳል። ፀሐይ ያገኘው ቦታ ሰማያዊ ስለሆነ ብቻ አታንሺው። አልፎ ግራጫ እስኪሆን፣ የተበላሸ እስኪመስል ጠብቂ። እጥበቱ መልሶ ያፈካዋል። እኔ እዚህ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ 10 ደቂቃ፣ ረፋድ ላይ 15 ደቂቃ አቆያለሁ። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የእናንተ ፀሐይ ከእኛ ይበረታል። ስለዚህ ሰዓቱን ሳይሆን ወረቀቱን እያየሽ ፍረጂ።

የኬሚስትሪ መምህር፣ ፍኖተ ሰላም
እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪኝ። ያጠብሽበት ውሃ ምን መልክ ነበረው? ፀሐይ ካነሰው ቀለሙ ወረቀቱን ለቆ ውሃውን ሰማያዊ ያደርገዋል። ውሃው ሰማያዊ ሳይሆን፣ ምስሉ እዚያው ወረቀቱ ላይ ቢጫ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቀለሙ ፕሩሲያን ብሉ የሚባል የብረት ውህድ ነው። አልካሊ ያፈርሰዋል፤ ኦሞ፣ ሶዳ፣ አመድ ሁሉ። ሳፋው በምን ነው የሚታጠበው?

ጠያቂ
ውሃው ሰማያዊ አልሆነም መምህር! ሳፋውን እናቴ በአመድ ነው የምታሸው። እንዲህ ያደርጋል ብዬ በጭራሽ አላሰብኩም። ምን ላድርግ ይላሉ?

የኬሚስትሪ መምህር፣ ፍኖተ ሰላም
አመድ ውስጥ ፖታሺየም ካርቦኔት አለ፤ እኔ እሱን ነው የምጠረጥረው። እርግጠኛ ለመሆን አንድ ያተምሽውን ወረቀት ለሁለት ቁረጪ። ግማሹን በዚያው ሳፋ እጠቢ። ግማሹን በሌላ ንጹሕ ዕቃ፣ በ1 ሊትር ውሃ ግማሽ ሎሚ ወይም አንድ ማንኪያ አቼቶ ጨምረሽ እጠቢ። ልዩነቱን በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

አደራ፣ ለዚህ ሥራ የራሱ ዕቃ ይኑርሽ፤ ወደ ማዕድ ቤት አይመለስ። ፌሪሳያናይድ ስሙ ቢያስፈራም ብረቱ ሳያናይዱን አጥብቆ ስለያዘው ያን ያህል መርዛማ አይደለም። ነገር ግን እሳት ላይ አታድርጊው። እንደ ባትሪ አሲድ ያለ ብርቱ አሲድም አይንካው፤ ገዳይ ጋዝ ይወጣዋል። ለእጥበቱ ሎሚው በቂ ነው።

አቡጀዲ ላይ የማትም፣ ደጀን
መምህር እውነታቸውን ነው። እኔም የመጀመሪያውን አቡጀዲዬን በኦሞ አጥቤ ቢጫ ጨርቅ ይዤ ቀርቻለሁ። በጣም ነበር ያዘንኩት።

የሻዩን እኔ ልንገርሽ። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ብረት ሲያገኝ ይጠቁራል። ቀለሙን የሚለውጠው እሱ ነው። አንቺ ግን ስላሳደርሽው ወረቀቱ ራሱ ሻዩን ጠጣ።

ያተምሽው በደንብ ደርቆ አንድ ቀን ይደር። ቡናማ ከፈለግሽ ያው ጠላት ያልነው አልካሊ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዲየም ካርቦኔት በ1 ሊትር ውሃ በጥብጪ። ካጣሽ ቤኪንግ ሶዳ ደረቅ መጥበሻ ላይ ደህና አድርገሽ እመሺው፤ ወደ እሱ ይለወጣል። ወረቀቱን ንከሪና አጠገቡ ቁሚ። ሰማያዊው ሲገረጣ ወዲያው አውጪ፤ ሰከንዶች ሊበቁት ይችላሉ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ 10 ደቂቃ እጠቢው። እዚህ ላይ አትቸኩዪ፣ ሶዳ ከቀረበት ዥጉርጉር ይሆናል።

ሻዩ ወፈር ይበል። እኔ 4 ማንኪያ ቅጠል በግማሽ ሊትር አፈላለሁ። ስኳር የለ፣ ቅመም የለ። ሲቀዘቅዝ ወረቀቱን ጨምሪና በየ5 ደቂቃው እዪው። ግማሽ ሰዓት አታሳልፊ። ወፍራም የሥዕል ወረቀት ቢሆን ይመረጣል፤ ስሱ ወረቀት ይቀደዳል። ቡናማ ሳይሆን ጥቁር ሰማያዊ ካማረሽ ደግሞ ሶዳውን ተዪና የቀዘቀዘ አቦል ቡና ውስጥ ንከሪው። ጨው የገባበት እንዳይሆን።

ጠያቂ፣ ከ3 ቀን በኋላ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! በሳፋው ያጠብኩት ግማሽ ነጣ። ሎሚ ያለበት ቁልጭ ብሎ ቀረ። ፀሐዩንም 12 ደቂቃ አደረግሁት። አንዱን እንግጫ በሶዳና በሻይ ሞከርኩ፤ ዙሪያው ጥቁር ቡናማ፣ ሣሩ ክሬም መልክ ሆነ። እናቴ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። አደይ አበባው ጫፍ ጫፉ ብዥ ይላል።

ፎቶ አንሺ፣ ባሕር ዳር
እሰይ! አበባው እርጥብ ስለሆነ ነው። ወፍራሙ መሐሉ መስታወቱን ያነሳዋል፣ ብርሃን በጎን ይገባል። ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ሳምንት አስተኝተሽ ሲደርቅና ሲዘረጋ አትሚው። መስታወቱንም በአራቱም በኩል በልብስ መቆንጠጫ ያዢው።