ከድሬ ሆኖ የአሜሪካን ክሬዲት ካርድ በጊዜ ለመክፈል የቱ መንገድ ይሻላል?

ባለፈው እሑድ ከዚራ ሰፈር ቡና ልንጠጣ ተሰባስበን ነበር። በቅርቡ ከሚኒሶታ ጠቅልላ የገባች የሰፈራችን ልጅ ድንገት ጠየቀችኝ። «እትዬ፣ የክሬዲት ካርዱን ዕዳ ከዚህ ሆነው እንዴት ነው የሚከፍሉት? እኔ ቀኑ በደረሰ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ።» አጠገባችን የነበሩት ሁለት ጡረተኞችም ወሬያቸውን አቁመው ዞሩ። ለካ ጭንቀቱ የሁላችንም ነው። ለእሷ የነገርኳትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ። የካርዴ መክፈያ ቀን በፈረንጅ ወር በ12 ነበር። እኔ ግን ድሬ ከገባሁ ወዲህ የፈረንጁን ቀን መቁጠር ትቻለሁ። የዕድሩም፣ የመብራቱም፣ የሠራተኛዋም ደሞዝ በእኛ ወር ነው የሚከፈለው። ካርዱንም እዚያው ውስጥ ከተትኩት። ኅዳር 2017 ላይ ስቆጥር የፈረንጁ 12 የዋለው በኅዳር 3 ነው። «በቃ፣ ወር በገባ በ3» አልኩ። ታኅሣሥ 3 ልክ መጣ። ጥርና የካቲት ላይ እንዲያውም ቀድሜ ከፈልኩ። እስከ ነሐሴ አንድም ወር አልሳትኩም። ከዚያ ጳጉሜን መጣች። አምስት ቀኗን ከመሀል ሸጉጣ መስከረም 3ን ወደ ፈረንጁ 13 ገፋችው። እኔ በዓሉን አክብሬ፣ ደስ ብሎኝ፣ በመስከረም 3 ከፈልኩ። አንድ ቀን ዘገየሁ፤ መቀጮ ተጻፈብኝ።

ደወልኩላቸው። በነገራችን ላይ በ800 የሚጀምረው ነፃ ስልክ ከዚህ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ከካርዱ ጀርባ ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው የተጻፈ ሌላ ቁጥር አለ፤ እሱን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። «የመጀመሪያዬ ነው፣ ይቅር በሉኝ» አልኩ። መቀጮውን አነሱልኝ። ብዙዎቹ ካርድ ሰጪዎች ለመጀመሪያ ጥፋት ከተጠየቁ ያነሳሉ። ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አያነሳላችሁም። አንድ ቀን መዘግየት የክሬዲት ታሪክም አያበላሽም፤ ወደዚያ መዝገብ የሚገባው ክፍያው 30 ቀን ሲያልፈው ነው።

እንግዲህ ወደ መንገዶቹ። ከጡረተኞቹ አንዱ በእጁ ነው የሚከፍለው። ማታ ማታ የካርዱን አፕ ከፍቶ፣ ያለበትን አይቶ፣ ከቼኪንግ አካውንቱ (አሜሪካ ካለው ተንቀሳቃሽ የባንክ ሒሳቡ) ይልካል። ገንዘቤን አይቼ ካልላክሁ ደስ አይለኝም ይላል። እውነቱን ነው፣ የማታውቀው ወጪ ተጽፎ እንደሆን ቶሎ የምታየው እንዲህ ስትከፍል ነው። ግን አቦ፣ በእጅ መክፈል ከዚህ ሲሆን ስንት ነገር ይጠይቃል! መብራት መኖር አለበት። ኔትወርክ መኖር አለበት። ከዚያ አፑ «ኮድ ልኬልሃለሁ» ይላል። ኮዱ የሚሄደው አሜሪካ በነበረው ስልክ ነው። ያ ሲም ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ከቁልፍና ከባትሪ ጋር ተኝቷል።

ሌላኛው ልጁ ሜሪላንድ ስላለ ለልጁ ትቶለታል። ለክፉ ቀን ጥሩ ነው። ለየወሩ ግን አልመክርም። ልጅም ሥራ ይበዛበታል፤ ይረሳል። ሲረሳ ደግሞ መቀጮው የአባት፣ ኩርፊያው የሁለቱም ነው።

ሦስተኛው መንገድ ከአሜሪካ ባንካችሁ «ቢል ፔይ» በሚባለው መላክ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ገንዘቡ በዚያው ደቂቃ አይደርስም። የሥራ ቀናት ይወስዳል፤ አንዳንዱን ክፍያ ባንኩ በወረቀት ቼክ በፖስታ ነው የሚልከው። ይህን የምትጠቀሙ ከመክፈያው ቀን ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ላኩ። እኔ ሞክሬው ትቼዋለሁ።

እኔ የምመርጠው ኦቶፔይ ነው። ካርድ ሰጪው ራሱ በቀኑ ከቼኪንጋችሁ ይወስዳል። መብራት ጠፋ፣ ኮድ ቀረ፣ ጳጉሜን መጣች፣ ለእሱ ግድ የለውም። የሚበላሸው ነገር ሁሉ በእኛ በኩል ነው፤ ስለዚህ ክፍያው በእኛ እጅ ባያልፍ ይሻላል።

ሲከፈት ግን ሦስት ምርጫ ይመጣል፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሚኒመሙን፣ ማለትም ለወሩ የግድ የሚከፈለውን ትንሹን መጠን ብቻ መክፈል ነው። ከመቀጮ ያድናል፣ ከወለድ ግን አያድንም። ሌላው እናንተ የቆረጣችሁትን መጠን መክፈል ነው። ሦስተኛው የስቴትመንቱን፣ ማለትም በየወሩ የሚላከውን የሒሳብ መግለጫ ሙሉ ዕዳ መክፈል ነው። ሦስተኛውን ያዙ። ሙሉውን በየወሩ የሚከፍል ሰው ለገዛው ዕቃ ወለድ አይከፍልም። ሚኒመም ላይ የተንጠለጠለ ሰው ግን ያ ዕድል ይቀርበታል፤ ዛሬ የገዛው ላይ ወለዱ ከዛሬ ጀምሮ ይቆጠራል። ልጅቷ ሚኒመሙን ስትከፍል «ከፈልኩ» ብላ ትተኛ ነበር። ነገሩን ስነግራት ስኒዋን አስቀመጠች።

ኦቶፔይ አንድ ጠላት አለው፤ ባዶ ቼኪንግ። ገንዘብ ከሌለ ክፍያው ተመልሶ ይመጣል፤ የተመለሰበት ወይም የዘገየበት ቅጣት ሊከተል ይችላል። በተለይ በሶሻል ሴኩሪቲ፣ በአሜሪካ መንግሥት ጡረታ ለምንኖር ይህ ቀልድ አይደለም። ጡረታው የሚገባው ብዙ ጊዜ የተወለዱበትን ቀን ተከትሎ ነው፦ ከ1 እስከ 10 የተወለደ በወሩ ሁለተኛ ረቡዕ፣ ከ11 እስከ 20 በሦስተኛው፣ ከዚያ በኋላ ያለው በአራተኛው። እኔ የሁለተኛው ረቡዕ ነኝ። ሁለተኛው ረቡዕ አንዳንድ ወር በ8 ይውላል፣ አንዳንድ ወር በ14። ካርዴ ደግሞ በ12! አንዳንድ ወር ጡረታዬ ሳይገባ ካርዱ ይቀድም ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ ለዓመታት አላወቅሁትም። አብዛኞቹ ካርድ ሰጪዎች መክፈያ ቀኑን እንድትቀይሩ ይፈቅዳሉ። አፑ ውስጥ አለ፤ ካጣችሁት ደውላችሁ ጠይቁ። እኔ ወደ 20 አዛወርኩት። አሁን ጡረታው ይገባል፣ ጥቂት ቀን ይቀመጣል፣ ከዚያ ይወጣል። በ2009 በፈረንጅ የወጣው የአሜሪካ የካርድ ሕግ መክፈያው በየወሩ አንድ ቀን ላይ እንዲሆን ያዛል፤ ስቴትመንቱም ቢያንስ ከ21 ቀን በፊት መላክ አለበት። ስለዚህ አንዴ ካስተካከላችሁት ወዲያ ወዲህ አይልም። የሚንከራተተው በእኛ አቆጣጠር ስታዩት ነው።

በእጄ ካልሆነ እሞታለሁ ለሚሉት ደግሞ ሰዓቱን ልንገራቸው። አንዳንዱ ካርድ ሰጪ እንደ መዝጊያ የሚይዘው እነሱ ጋ ከቀኑ 11 ሰዓትን (በፈረንጅ አቆጣጠር 5 ሰዓትን) ነው። በኒውዮርክ ሰዓት ከሆነ፣ በበጋቸው እኛ ጋ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይሆናል። ሰዓታቸውን በጥቅምት መጨረሻ ሲመልሱት 7 ሰዓት ይሆናል። ቀኑ ሙሉ አለልኝ ብሎ ከበርጫ በኋላ እከፍላለሁ የሚል ጎረቤት አውቃለሁ። ከበርጫ በኋላ ማን ምን ሲያስታውስ አየን?

ለኢንተርኔቱ ሁለት ሲም ያዙ። ሳፋሪኮም በአገራችን ለሙከራ ሥራ የጀመረው እዚሁ ድሬ ነው፣ በነሐሴ 2014። ኢትዮ ቴሌኮሙን በአንዱ ቀዳዳ፣ ሳፋሪኮሙን በሌላው አድርጉ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው አለ። የቤት ዋይፋይ ላይ ብቻ አትተማመኑ፤ መብራት ሲሄድ ራውተሩም ይሄዳል። የኮዱን ነገር ደግሞ አሜሪካ ሳላችሁ ጨርሱ። ባንኩ የሚፈቅድ ከሆነ ኮዱ በኢሜይል እንዲመጣ ወይም ኮድ የሚያወጣ አፕ ስልካችሁ ላይ እንዲሆን አድርጉ። መጥታችሁ ከሆነ አሜሪካ ዘመድ ጋ ስትሄዱ የመጀመሪያ ሥራችሁ ይሁን።

ሁለት ነገር ደግሞ ሁሌ እጠየቃለሁ። «በቴሌብር አይከፈልም ወይ?» አይከፈልም። ቴሌብር ለመብራትና ለውኃ፣ ለዚህ ለኛ ኑሮ ነው፤ የአሜሪካ ካርድ እዚያው በዶላር ከአሜሪካ አካውንት ይከፈላል። ሁለተኛው፣ «በክሬዲት ካርዱ እዚህ ኤቲኤም ላይ ብር ባወጣስ?» በፍጹም። ያ እንደ ግዢ አይቆጠርም፣ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ነው። ወለዱ ከዚያች ሰዓት ይጀምራል፣ የእፎይታ ቀን የለውም፣ ክፍያም ይቆረጥበታል። ብር ማውጣት ካስፈለገ በዴቢት ካርዱ ይሁን። እኔ አንዴ ተቸግሬ አውጥቼ፣ ስቴትመንቱ ሲመጣ ነው የገባኝ።

ኦቶፔይ ከፍቼ ረሳሁት ማለት ግን አይደለም። ስቴትመንቱ በመጣ ቀን ሻይ ይዤ አየዋለሁ። የማላውቀው ስም ካለ ከመክፈያው በፊት ለመጮህ ጊዜ አለኝ። ከዚያ ቼኪንጉ ውስጥ ከሚፈለገው በላይ ትንሽ ትርፍ መኖሩን አያለሁ። በወር አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ልጅቷ ያኑ ዕለት ማታ አፑን ከፍታ ሙሉውን የሚለውን መረጠች። ከሥር በትንሽ ፊደል «ከሚቀጥለው ስቴትመንት ይጀምራል» ይል ነበር። ደግነቱ አነበበችው። የዚህን ወሩን እዚያው ተቀምጣ በእጇ ከፈለች።