የጋራ ሶላር፦ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች ድርሻ በሕግ ይቀመጥ?

አወያይ፦ በጋራ ሶላር ፓነሉ የሚተከለው ሌላ ቦታ ነው። ቤተሰቡ ድርሻ ይይዛል፤ የድርሻው ኃይል ዋጋ ከመብራት ቢሉ ይቀነስለታል። የራስ ጣሪያ አያስፈልግም። ታዲያ ከየሶላር ጣቢያው የተወሰነው ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች እንዲሰጥ ሕግ ያስገድድ ወይስ ለገበያው ይተው?

ደጋፊ፦ ያስገድድ! ገበያው ብቻውን ሲሆን ኩባንያው የብድር ታሪክ ይጠይቃል፣ የ20 ዓመት ውል ያቀርባል፣ አቋርጦ ለሚወጣም ቅጣት ያስቀምጣል። ቤት ቶሎ ቶሎ የሚቀይር ተከራይ ይህን እንዴት ይፈርማል? አሜሪካ ውስጥ ኒው ጀርሲ ከእያንዳንዱ ጣቢያ ቢያንስ 51 በመቶው ለዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ቤተሰቦች እንዲሆን ደንግጋለች። ባለሀብቶች ግን አልሸሹም።

ተቃዋሚ፦ ሐሳብህ ይገባኛል፤ ግን ቅናሹን ማን ይከፍላል? ከቢሉ የሚቀነሰው የመስመርና የትራንስፎርመር ወጪን ጭምር ከሆነ፣ ያ ወጪ ድርሻ ያላገኘው ሰው ላይ ይወድቃል። እሱም ድሃ ሊሆን ይችላል። ቀጥታ የቢል ድጎማ አይሻልም?

ደጋፊ፦ ወንድሜ፣ ያ ጫና እኮ ዛሬም አለ። በራሱ ጣሪያ ላይ ሶላር የተከለው ቢል ሲቀነስለት ተከራዩ ድርሻ ሳይኖረው ወጪውን ይጋራል። ድጎማ ደግሞ በጀት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች ሶላር ገንዘብ የሚሰጠው የአሜሪካው የ7 ቢሊዮን ዶላር "ሶላር ለሁሉም" ፕሮግራም እንደሚሰረዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2025 ሲያስታውቅ፣ ብዙ እቅድ መሃል መንገድ ላይ ቀረ።

ተከራይ፦ ኮታው ብቻውን አይበቃም፤ እኔን የሚያሳስበኝ አፈጻጸሙ ነው። ሁለት ቢል ከመጣ፣ ማለትም አንዱ ከመብራት ድርጅቱ ሌላው ከሶላር ኩባንያው፣ ቅናሹ ሳይገባ ክፍያው ሊቀድም ይችላል። ወር እስከ ወር ለሚኖር ሰው ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ ቢሉ አንድ ይሁን፣ ቅናሹም በውል የተረጋገጠ ይሁን። ሰው ቤት ሲቀይር ድርሻው አብሮት ይሂድ። የገቢ ማስረጃ ተብሎም የወረቀት ክምር አይጠየቅ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2017 አከራይ ከራሱ ጣሪያ ለተከራዮቹ መብራት እንዲሸጥ ስትደግፍ፣ ዋጋው ከአካባቢው መደበኛ ታሪፍ 90 በመቶ እንዳይበልጥ ወስናለች። ጥሩ ጥበቃ ነው። ነገር ግን የወረቀት ሥራው ስለበዛ ብዙ አከራይ አልገባበትም።

ተቃዋሚ፦ ቢሉ አንድ ከሆነና የመስመር ወጪው ከቅናሹ ውጪ ከተደረገ ኮታውን እቀበላለሁ።

ተከራይ፦ እሺ፣ መብራቱ በኪራዩ ውስጥ ተካቶ የራሱ ቆጣሪ የሌለውስ? የሚቀነስለት ቢል የለውም። ቅናሹ አከራዩ ኪስ ይገባል። ሕጉ ኪራይ እንዲቀንስ ካላስገደደው፣ በጣም የተቸገረው ሰው ከኮታውም ውጪ ነው። ለዚህ መልስ ያለው ይጻፍ።