ከአንድ በግ ስንት ዓይነት አያያዥ ህብረህዋስ ማሳየት ይቻላል?

ጠያቂ፦ ባዮሎጂ ከመሐል ሜዳ

ሰላም ለሁላችሁ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አያያዥ ህብረህዋስን በተግባር ማሳየት ይፈለጋል። ማይክሮስኮፕ አንድ ብቻ ነው፤ ዝግጁ ስላይድ የለም። በግ ግን መንዝ ውስጥ አይታጣም። የትኛው የበጉ ክፍል ይገዛ? ምንስ ይታይበታል? ተማሪዎች ሁሌ የሚያነሱት ጥያቄም አለ፦ ደም ፈሳሽ ሆኖ ሳለ ለምን እዚህ ይመደባል? ሱፍስ?

መልስ 1፦ የደብረ ብርሃን አናቶሚ

መምህር፣ ከስም ዝርዝር አይጀምሩ። ሦስት ነገር ይያዙ፦ ህዋስ፣ ክር እና በመሐል ያለው መሙያ። በኤፒተልየም (ሸፋኝ ህብረህዋስ) ህዋሶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቆማሉ። በአያያዥ ህብረህዋስ ግን ተራርቀው ይኖራሉ፤ ክፍተቱን የሚሞላው በአብዛኛው ራሳቸው የሠሩት ክርና መሙያ ነው። ክሩ በዝቶ ሲጠቀጠቅ ጅማት፣ መሙያው እንደ ጎማ ሲጠነክር ልም አጥንት፣ ማዕድን ሲገባበት አጥንት ይሆናል።

የሚገዛው፦ የኋላ እግር ከነጉልበቱና ከነቋንጃው፣ ፍርምባ ከጎድን ጫፎች ጋር፣ ማጅራት፣ ጆሮ፣ ትንሽ ላት። ከቄራ፣ ማኅተም ያለበት ይሁን፤ በአባ ሰንጋ ምክንያት ሳይመረመር የታረደ ወይም ሞቶ የተገኘ እንስሳ ክፍል ውስጥ አይግባ። በጉ ወጣት ይሁን። ባረጀ ሙክት የጎድኑ ልም አጥንት ካልሲየም ስለሚገባበት ቢላ አይቆርጠውም።

ቆዳው ከሥጋው ሲላቀቅ እንደ ሸረሪት ድር የሚሳሳበው ነጭ ነገር ልል አያያዥ ህብረህዋስ ነው። ማይክሮስኮፑን ለዚህ ያውሉት፦ ጥፍር የምታህል ቁራጭ በሁለት መርፌ ስላይድ ላይ ዘርጋ፣ አንድ ጠብታ ሜቲሊን ብሉ የተባለ ማቅለሚያ፣ 1 ደቂቃ፣ በውሃ ማጠብ። ሰማያዊ ሆነው የሚታዩት ነጠብጣቦች ኒውክለሶች ናቸው፤ ሞላላዎቹ ባብዛኛው ክር ሠሪው የፋይብሮብላስት ናቸው። ማክሮፌጅና ማስት ሴል የሚባሉት የመከላከያ ህዋሶችም እዚያው አሉ፤ በዚህ ቀለም ብቻ እርግጠኛ ሆኖ መለየት ግን አይቻልም፣ ለተማሪም ቃል አይግቡ። ወፍራም ከተዘረጋ ሁሉም ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ ጥፋቱ የቀለሙ ሳይሆን የዝርግታው ነው።

«ጅማት» የሚለው ቃላችን ብዙ ያምታታል። ቋንጃው ላይ ጡንቻን ከአጥንት የሚያስረው ቴንደን ነው፤ በጥፍር ሲሰነጠቅ በቁመቱ ክር ክር ይላል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ጉልበቱ ሲከፈት መሐል ላይ የተመሳቀሉት ሁለቱ ሊጋመንት ናቸው፤ አጥንትን ከአጥንት ያስራሉ። እዚያው የጨረቃ ቅርጽ ያለው ትራስ ፋይበር የበዛበት ልም አጥንት ነው፤ የአጥንቱን ጫፍ የሸፈነው አብረቅራቂው ደግሞ ሃያላይን የሚባለው ልም አጥንት ነው። ጆሮውን አጥፈው ይልቀቁት፤ ተመልሶ የሚቆመው የመለጠጥ ክር ስላለበት ነው። አንድ ጉልበትና አንድ ጆሮ ሦስቱንም የልም አጥንት ዓይነቶች ጨረሰ ማለት ነው።

መልስ 2፦ ሥጋና ቆዳ

ከላይ ማጅራት ይገዛ ተባለ፣ ጥቅሙ ግን ሳይነገር ቀረ። ከማጅራቱ ውስጥ ቢጫውን ጅማት ያውጡ፤ ነጭ ከሆነው የቋንጃ ጅማት ጋር አንድ ድስት ውስጥ ይቀቅሉ። ነጩ ኮላጅን የሚባለው ጠንካራ የክር ፕሮቲን ነው፦ 60 ዲግሪ አካባቢ ይኮማተራል፣ ከሰዓታት በኋላ ወደ ጄላቲን ይሟሟል። ቢጫው ኢላስቲን (የመለጠጥ ክር ፕሮቲን) ስለሚበዛበት ቢውልም አይሟሟም፤ ከድስቱ ወጥቶም ይሳባል።

ከፍታውን አይርሱ። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ መሐል ሜዳ ከዚያም ዝቅ ይላል። ቆላ 3 ሰዓት የሚበቃው እዚህ አይበቃም፤ ከዋዜማው ይጣድ ወይም በፕሬዠር ኩከር ይሠራ። ሲቀዘቅዝ ከላይ የሚረጋው ነጭ ስብ ነው፣ ጄላቲኑ ከሥሩ ያለው ጠራ ያለ የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው። ተማሪዎች ሁለቱን ያምታታሉ።

መልስ 3፦ ላብራቶሪ

ደምን በተመለከተ፦ መነሻው እንደ ሌሎቹ ሜዘንካይም (የፅንስ መነሻ ህብረህዋስ) ነው፤ መሙያው ፕላዝማ ነው። ክሩ (ፋይብሪን) ግን ሟሙቶ ያለ ነው፣ የሚወጣው ደሙ ሲረጋ ብቻ። ትኩስ ደም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በሻካራ እንጨት ቢማሰል ፋይብሪኑ እንጨቱ ላይ ይጠመጠማል፤ በውሃ ሲታጠብ ነጭ ክር ይሆናል፣ የቀረው ደምም አይረጋም። ማማሰሉ ከዘገየ ደሙ በሙሉ ይረጋና ሙከራው ያልቃል። ጓንት ግዴታ ነው። ይህም ሆኖ ደምን ለብቻው የሚመድቡ መጻሕፍት አሉ፤ ተማሪ ቢከራከር አይሳሳትም።

ሱፍ አይደለም። ሥሩ ቆዳው ውስጥ ቢተከልም የኤፒደርሚስ (የላይኛው የቆዳ ሽፋን) ውጤት ነው። ከሱፍ የሚሠራው ባና ኬራቲን (የፀጉርና የጥፍር ፕሮቲን) ነው፣ ቁርበት ግን ዋናው ኮላጅን ነው። ቀንድም ልብሱ ኬራቲን፣ ውስጡ አጥንት ነው።

ጠያቂው፦ እጅግ አመሰግናለሁ። አጥንትን በአቼቶ ማለስለስ ተሞክሮ ከ4 ቀን በኋላም አልታጠፈም። ቅልጥም ነበር፣ ተቀቅሎ የጸዳ።

ላብራቶሪ፦ ሁለት ስህተት አለ። ቅልጥም ወፍራም ስለሆነ አሲዱ ውስጡ አይደርስም፤ የዶሮ እግር ወይም ቀጭን ጎድን ይውሰዱ። መቀቀሉ ደግሞ ኮላጅኑን ይጎዳል፤ ማዕድኑ ሲወጣ የሚታጠፍ ሳይሆን የሚፈረፈር ይቀራል። ጥሬውን ፍቀው፣ ስቡን በሳሙና አጥበው ይንከሩት። አረፋው ሲቆም አሲዱ ደክሟል፤ በየ2 ቀኑ ይቀየር። የዶሮ ከ3 እስከ 5 ቀን፣ የበግ ጎድን 2 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ጎን ለጎን ሌላ ጎድን ከሰል ላይ ነጭ እስኪሆን ያቃጥሉ፤ እሱ ማዕድኑ ብቻ ስለቀረ በጣት ይሰበራል።