ሥራ ሳይያዝ ከቶሮንቶ ወደ ካልጋሪ መሄድ ያዋጣል?

አወያይ፦ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ የተነሳው ክርክር ሳያልቅ ተበተንን። እዚሁ እንጨርሰው። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወንድማችን ቶሮንቶ ከገባ 14 ወሩ ነው። አዲስ አበባ ዘጠኝ ዓመት በሂሳብ ሠራተኛነት ሠርቷል። አሁን በኤጀንሲ በኩል መጋዘን ይሠራል። ካልጋሪ ያለው የአክስቱ ልጅ «ምን ትጠብቃለህ? ሻንጣህን ይዘህ ና» ይለዋል። ይሂድ ወይስ ሥራ ሳይዝ አይነቃነቅ? ስድብ ክልክል ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ሹፌሩ ከካልጋሪ፦ ይሂድ እንጂ! ምኑ ያከራክራል? እኔ በሁለት ሻንጣ ነው የመጣሁት። ቶሮንቶ ለአንዲት የቤዝመንት (የምድር ቤት) ክፍል የምከፍለው ብር እዚህ ባለ መስኮት ቤት አስገኘልኝ። ዕቃ ስትገዛ ቶሮንቶ ባለችበት ኦንታሪዮ 13 በመቶ ታክስ ትከፍላለህ፣ ካልጋሪ ባለችበት አልበርታ 5 ብቻ። እዚህ የፕሮቪንስ (የክፍለ ሀገር) የሽያጭ ታክስ የሚባል ነገር የለም። ደግሞ ፒአር (የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ) ያለው ሰው የፈለገው ፕሮቪንስ ሄዶ መኖርና መሥራት በካናዳ የመብቶች ቻርተር ክፍል 6 የተጻፈለት መብት ነው። ማንንም አያስፈቅድም።

የስካርቦሮዋ፦ ወንድሜ፣ ታክሱን ነገርከን፤ ክፍያውንስ? የአልበርታ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ2018 ጀምሮ 15 ዶላር ላይ ቆሟል። ኦንታሪዮ ከኦክቶበር 2025 ወዲህ 17 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው። ለመነሻ ከዚያ ብዙም የማይርቅ ሥራ ነው የሚያገኘው። በሳምንት 40 ሰዓት ብናስበው የ104 ዶላር ልዩነት አለው። ይህን በ8 በመቶው የታክስ ልዩነት ለማካካስ በየሳምንቱ የ1,300 ዶላር ዕቃ መግዛት አለበት። አስቤዛው ደግሞ አብዛኛው ድሮውንም ታክስ የለውም። ኪራይም ቢሆን አልበርታ አከራይ በዓመት አንዴ ብቻ ይጨምር ተባለ እንጂ ስንት ይጨምር የሚል ጣሪያ የለም። እኛ ጋ ኦንታሪዮ የ2026 ጣሪያ 2.1 በመቶ ነው።

ሹፌሩ ከካልጋሪ፦ ጣሪያሽ ከኖቬምበር 15 ቀን 2018 በኋላ ሰው ለገባበት አዲስ ቤት አይሠራም። አዲስ ኮንዶ የተከራየ ይመስክር።

የስካርቦሮዋ፦ እሱስ ልክ ነህ። ግን ሌላም አለ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ኦንታሪዮ ውስጥ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ማስታወቂያው ላይ «የካናዳ የሥራ ልምድ ያለው» ብሎ መጻፍ አይችልም። ቃለ መጠይቅ ያደረገለትን ሰውም ይቀጠር አይቀጠር በ45 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ስንት ዓመት የጮህንበት ነገር ገና ሕግ ሲሆን ጥሎ መሄድ ምን ይሉታል?

ባለጉዳዩ፦ እህቴ፣ ቃሉ ከማስታወቂያው ጠፋ፤ ከሰዎቹ ጭንቅላት ግን አልጠፋም። ባለፈው ወር ለሂሳብ ሥራ ቃለ መጠይቅ ገባሁ። ሴትየዋ ፈገግ ብላ «እዚህ አገር ስላንተ ሥራ ማንን እንጠይቅ?» አለችኝ። ያለኝ ሪፈረንስ የመጋዘኑ አለቃዬ ነው። እሱ ሊመሰክርልኝ የሚችለው ካርቶን እንደማልጥል ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰኔ 30 ሌሊት ሂሳብ ስዘጋ ያደርኩትን ማን ይንገርላት? ካልጋሪም አመልክቻለሁ። የቶሮንቶ አድራሻ ሲያዩ የሚደውል የለም። የአክስቴ ልጅ «የእኔን አድራሻ ጻፍ» ይለኛል።

የስካርቦሮዋ፦ ውሸት ነዋ። በውሸት አይጀመርም።

ሹፌሩ ከካልጋሪ፦ የሚያርፍበትን ቤት መጻፍ ምኑ ነው ውሸት?

ነርሷ ከኤድመንተን፦ ሁለታችሁም ቆዩ። አድራሻው ላይ «ወደ ካልጋሪ በመዛወር ላይ» ብሎ የሚደርስበትን ቀን ይጻፍ፤ አለቀ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሁላችሁም ስለ ከተማ ታወራላችሁ፣ የሙያውን ነገር የጠየቀው የለም። ካናዳ ውስጥ የሙያ ፈቃድ በየፕሮቪንሱ ነው። እኔ ፋይሌን የከፈትኩት ኦንታሪዮ ነበር። ፈቃዱ ሳይወጣ ባለቤቴ ኤድመንተን ሥራ አገኘና ተነሳን። አዲስ ማመልከቻ፣ አዲስ ክፍያ። አንዱን ማስረጃ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ራሱ አሽጎ መላክ ነበረበት። እናቴ ሬጅስትራር ቢሮ ደጃፍ ስንት ጠዋት እንደቆመች እሷ ናት የምታውቀው። አንዴ «ማኅተም የምትመታዋ ለቅሶ ሄዳለች» ተብላ ተመለሰች። ስለዚህ ነርስ፣ አስተማሪ፣ ኢንጂነር የሆነ ሰው መጀመሪያ ከተማውን ይምረጥ፣ ከዚያ ነው ለፈቃድ የሚከፍለው። ሬድ ሲል (በየፕሮቪንሱ የሚታወቅ የእጅ ሙያ ማረጋገጫ) ያለው ኤሌክትሪሺያን ወይም በያጅ ግን ምን ቸገረው፣ የትም ይሠራለታል። የእኛ ባለጉዳይ ደግሞ የሂሳብ ሰው ነው። ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሂሳብ ባለሙያ) ልሁን ካለ ማኅበሩ በየፕሮቪንሱ ነው። የክፍያ ሰነድ መመዝገብና ደሞዝ መሥራት ግን ፈቃድ አይጠይቅም። እሱን የያዘው ፈቃድ አይደለም፤ አንድ የካናዳ ሪፈረንስ ነው። እሱን ደግሞ የአንድ ትንሽ ድርጅት መዝገብ፣ ወይም የማኅበራችንን የዓመት ሂሳብ እንኳ በነጻ ሠርቶ፣ እዚያው ቶሮንቶ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

አወያይ፦ የማኅበሩን ሂሳብ የሚሠራልን ከተገኘስ እኔ ራሴ አልለቀውም።

ጋሼ ከኤድመንተን፦ ልጆች፣ እኔ በ2015 እና በ2016 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ እዚሁ አልበርታ ነበርኩ። በጭነት መኪና የመጡ ጎረቤቶቼ በዚያው ጭነት መኪና ሲመለሱ አይቻለሁ። አልበርታ ትሰጣለች፣ ትነሳለችም። አትምጣ ማለቴ ግን አይደለም። ሹፌሩ ያልነገረህን ልንገርህ። አንደኛ፣ ሥራህን በገዛ ፈቃድህ ለቀህ ብትመጣ የሥራ አጥ መድኑ እንዲሁ አይከፍልህም፤ በቂ ምክንያት አምጣ ይልሃል። «የአክስቴ ልጅ ና አለኝ» ምክንያት አይሆንም። ሁለተኛ፣ ዘመድ ቤት። የመጀመሪያው ሳምንት ዶሮ ወጥ ነው። ሁለተኛው ወር ላይ የመታጠቢያ ቤቱ ሰልፍ ይጀምራል። ሦስተኛው ወር ላይ ሚስትየው ማብሰያ ቤት ዕቃ ጮክ አድርጋ ታስቀምጣለች። ከመምጣትህ በፊት ስንት ወር እንደምትቆይና ምን ያህል እንደምታዋጣ ተነጋገሩ። ይሉኝታ ኋላ ያጣላል።

ሹፌሩ ከካልጋሪ፦ ጋሼ፣ የሚስትየዋን ነገር ከየት አመጡት? ልክ የእኔ ቤት ነው የገቡት።

ጋሼ ከኤድመንተን፦ ሳቅ አይደለም ልጄ። ሦስተኛው፣ ሥራህን አትልቀቅ። ሁለት ሳምንት እረፍት ጠይቅና በፌብሩዋሪ ና። በጁላይ ሁሉም ከተማ ያምራል። እዚህ ክረምት ከሁሉም መኪና አፍንጫ የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎ ታያለህ። ሞተሩ ሌሊት በብርድ እንዳይደርቅ ግድግዳ ላይ ይሰካል። ያንን አይተህ ልብህ ካልከዳ ቀጥል። ቃለ መጠይቆችህን በነዚያ ሁለት ሳምንታት አጭቃቸው።

የስካርቦሮዋ፦ በዚህ እስማማለሁ። የሚዛወርበትንም ወር ያስብበት። የዓመቱ የፕሮቪንስ ግብር የሚሰላው ዲሴምበር 31 ቀን በሚኖርበት ፕሮቪንስ ነው። የጉዞና የዕቃ ማጓጓዣ ወጪውንም ከግብር የሚያስቀንሰው አዲሱ ቦታ ላይ ካገኘው ገቢ ላይ ብቻ ነው፤ ሥራ ካልያዘ ከምኑ ላይ ይቀነሳል? ስለዚህ አሁንም ቃሌ ያው ነው። ሥራ ሳይዝ አይሂድ።

ሹፌሩ ከካልጋሪ፦ እኔም ያው ነኝ። ሥራ የሚገኘው ቦታው ላይ ነው። ሁለት ሳምንት አይበቃም።

ባለጉዳዩ፦ የፌብሩዋሪ ትኬት እያየሁ ነው፤ ደርሶ መልስ። እስከዚያ የማኅበሩን ሂሳብ ስጡኝ። ጋሼ፣ የበረዶ ጫማ ከዚህ ልግዛ ወይስ እዚያ ይረክሳል?

ጋሼ ከኤድመንተን፦ አትግዛ። እኔ ጋ ሁለት ጥንድ አለ፣ ካልጋሪ ድረስ ሰው አገኝልሃለሁ። ቁጥርህ ስንት ነው?

ባለጉዳዩ፦ 45።

ጋሼ ከኤድመንተን፦ ግዛ።