የእንጨት ቤት ልከራይ ወይስ የብሎኬት? ከትሪኒዳድ የቀረበ ጥያቄ

ወለላ (ፖርት ኦፍ ስፔን)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ወደ ትሪኒዳድ ከመጣን ስድስት ሳምንት ሆኖናል። እስካሁን በእንግዳ ማረፊያ ስለቆየን እስከ ዓርብ ድረስ ከሁለት ቤቶች አንዱን መርጠን የመጀመሪያውን ወር ኪራይና ዲፖዚቱን መክፈል አለብን።

አንደኛው ዉድብሩክ በሚባለው ሰፈር የሚገኝ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ በምሰሶዎች ላይ የቆመ፣ ጣሪያው ሾጠጥ ያለ ቆርቆሮ የሆነ፣ የጣሪያው ጠርዝና የበረንዳው ማዕዘን ሁሉ እንደ ቀሚስ ጥልፍ በተፈለፈለ እንጨት የተከበበ ነው። ከየበሩ በላይም ያው ጥልፍ ስላለ፣ ቤቱን ባየንበት ዕለት አሥር ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የአበባ ጥላ ወለሉ ላይ ተኝቶ አገኘሁት፤ እውነቱን ለመናገር ልቤ እዚያው ቀርቷል። ሁለተኛው ቤት ያለው ቻጓናስ ነው። ባለቤቶቹ ከላይ ይኖራሉ፤ ከታች ያለው ክፍት ቦታ በብሎኬት ተዘግቶ ለኪራይ የተሰናዳ ሲሆን ኤርኮንዲሽነር አለው፤ መስኮቶቹም በሙሉ የብረት ፍርግርግ አላቸው። የሁለቱ ኪራይ ተቀራራቢ ነው።

ያስጨነቀኝ ውሉ ነው። የእንጨቱ ቤት ባለቤት ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናት ሲሆኑ መስኮት በአሉሚኒየም መለወጥም ሆነ ለኤርኮንዲሽነር ግድግዳ መብሳት እንደማይቻል፣ በኪራዩ ዘመን ለሚበላሽ እንጨትም ወጪው ከዲፖዚታችን እንደሚቆረጥ አስጽፈዋል። ባለቤቴ ምስጥ የበላውን ሁሉ እኛ ልንከፍል ነው ብሎ ፈርቷል። በቻጓናሱ ቤት ደግሞ ከግቢው በር አጠገብ በረጃጅም ቀርከሃ ላይ የታሰሩ ቀይና ቢጫ ባንዲራዎች አሉ። በቪዲዮ ለእናቴ ባሳየኋት ጊዜ «የጠንቋይ ቤት ልትከራዪ ነው?» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ምክራችሁን እጠብቃለሁ።

መምህሩ (ቶባጎ)

እህታችን ወለላ፣ እንኳን ደህና መጡ። በዚህች አገር 23 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ነገሩን ከሥሩ ብጀምር ይቅር ይበሉኝ።

ከእናትዎ ልጀምር። ባንዲራዎቹ ጃንዲ ይባላሉ። የሂንዱ እምነት ተከታዮች በቤታቸው ጸሎት ካደረሱ በኋላ በግቢያቸው የሚተክሏቸው ናቸው፤ ቀዩ አብዛኛውን ጊዜ ሃኑማን ለሚባለው አምላካቸው ነው። ከእ.ኤ.አ. 1845 እስከ 1917 ድረስ ከ140 ሺህ በላይ ሕንዶች በኮንትራት ለሸንኮራ እርሻ ሥራ ወደዚህች ደሴት ተጓጉዘዋል፤ ቻጓናስም ዘሮቻቸው በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ወደ ባሕሩ ወረድ ብለው ዋተርሉ ወደሚባለው መንደር ቢሄዱ ውኃው መካከል የተሠራ ቤተ መቅደስ ያገኛሉ። ሲውዳስ ሳዱ የሚባል የእርሻ ሠራተኛ መጀመሪያ በየብስ ላይ ሠርቶት ነበር። መሬቱ የስኳር ኩባንያ ነው ተብሎ መቅደሱ ፈረሰበት፤ እሱም ታሰረ። ከእስር ሲወጣ ግን ባሕሩ ማንም ባለቤት ነኝ የማይልበት ነውና ድንጋይና ሲሚንቶ በብስክሌት እያመላለሰ፣ ማዕበሉ ሲያፈርስ እንደገና እየካበ፣ ለዓመታት እዚያው ሠራው። እናትዎ ይህን ቢሰሙ ጠንቋይ የሚለውን ቃል የሚያነሡት ይመስልዎታል?

አሁን ወደ እንጨቱ ቤት ልመለስ፤ ያ ቤት የአንድ ሕዝብ ሥራ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች በእንጨትና በዘንባባ ቅጠል የሚሠሩት አጁፓ የተባለ ጎጆ ነበራቸው፤ አየር እንደልብ የሚያልፍበት ነበር። ስፔን ደሴቲቱን ሰው እንዲሰፍርባት በእ.ኤ.አ. 1783 አዋጅ ባወጣች ጊዜ የፈረንሳይ ተወላጅ የሆኑ ባለ እርሻዎች ባሪያዎቻቸውን ይዘው ጎረፉ። ሰፊውን በረንዳና ዘንበል ዘንበል ብለው የተደረደሩ የእንጨት ቅጠሎች ያሉትን፣ ጃሉዚ የሚባለውን መስኮት ያስለመዱት እነሱ ናቸው ይባላል፤ መጋዝና መዶሻ የያዙት እጆች ግን በአብዛኛው የአፍሪካውያን እንደነበሩ መዘንጋት አይገባም። እንግሊዞች በ1797 ደሴቲቱን ያዙ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ጆርጅ ብራውን የሚባል ስኮትላንዳዊ አርክቴክት በማሽን መጋዝ የሚፈለፈለውን ጥልፍ አስፋፋው፤ ከዚያ በኋላ መካከለኛ ኑሮ ያለው ቤተሰብ ሁሉ በአቅሙ ደጁን ያስጌጥ ጀመር። ሀብታሞቹ ምን እንደሠሩ ለማየት ከዉድብሩክ ብዙም ወደማይርቀው ወደ ኩዊንስ ፓርክ ሳቫና ይሂዱ። ሰባቱ ዕፁብ ቤቶች የሚባሉት ሳር ሜዳውን እያዩ ተሰልፈዋል፤ አንዱ የስኮትላንድ ግንብ፣ አንዱ የፈረንሳይ ቪላ ይመስላል።

ጥልፉ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። ከበሩ በላይ ያየችው ዓይንዎ አበባ አገኘች እንጂ ሥራው ሙቅ አየር ከክፍል ወደ ክፍል እያለፈ በጣሪያው በኩል እንዲወጣ ማድረግ ነው። ጃሉዚው ዝናቡን መልሶ ነፋሱን ያስገባል፤ ከመሬት ከፍ ማለቱም ከጎርፍና ከእርጥበት ይጠብቃል። ትሪኒዳድ ከዋናው የአውሎ ነፋስ መንገድ ወደ ደቡብ ወጣ ያለች በመሆኗ ሌሎች ደሴቶች ያጧቸው እንዲህ ዓይነት ቤቶች እዚህ ሊቆዩ ችለዋል።

አናጢው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

መምህር፣ ታሪኩ መልካም ነው፤ ዓርብ ግን ሦስት ቀን ነው የቀረው። እህት ወለላ፣ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት አንድ ጠመንጃ መፍቻ ይያዙና ተመልሰው ይሂዱ። በምሰሶዎቹ ላይ የጭቃ ሥር የመሰለ መስመር ወደ ላይ ከወጣ ከመሬት የሚመጣ ምስጥ አለ ማለት ነው። በመስኮቱ ደፍ ወይም በወለሉ ጥግ ላይ ጤፍ የመሰለ ጥቃቅን ፍሬ ከተጠራቀመ ደግሞ በደረቅ እንጨት ውስጥ የሚኖረው ዓይነት ነው፤ ፍሬው ኩሱ ነው። የመስኮቱን ደፍና የደረጃውን ግርጌ በመፍቻው ጫፍ ገፋ ያድርጉ፤ ጤነኛ እንጨት ይመልስዎታል፣ የተበላ ከሆነ ግን እንደ ደረቅ ዳቦ ይገባልዎታል። ያዩትን ሁሉ በቀን ፎቶግራፍ አንሥተው ከውሉ ጋር አያይዘው ያስፈርሙ። ከመግባትዎ በፊት የነበረ ጉዳት የእርስዎ ዕዳ እንዳይሆን የሚያደርገው ይህ ነው።

በነገራችን ላይ ይህን ጥልፍ ስሰማ ሆዴ ባባ። የሕንድና የአርመን ግንበኞችና አናጢዎች በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የሠሯቸው ባለ በረንዳ ቤቶች እንዲሁ ነበሩ። እኔ ሙያውን የለመድኩት ፒያሳ ከእንዲህ ዓይነት ቤት በረንዳ ሥር ነው፤ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ማየት አልቻልኩም። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በዚያው ሰሞን ለጂ ፕላስ ዋኑ ፊኒሺንግ ብር እንድልክለት ጠየቀኝ፤ ፊቱ በሙሉ ሰማያዊ መስታወት እንዲሆን ይፈልጋል። ሁለት መስኮት ብቻ የሚከፈትበት ቤት በመስታወት ከታሸገ ምን ሊሆኑበት ነው ብዬ ብጠይቀው «አንተ አሜሪካ ሆነህ በኤሲ እየኖርክ ለእኛ ጭስ ቤት ትመኛለህ» አለኝ። ላክሁለት፤ ምን ላድርግ?

ሶስና (ሻርጃ)

ለወንድምህ አትፍረድበት። ከግንቦት እስከ መስከረም ኤርኮንዲሽነሩ አንድ ሌሊት ቢቆም እዚህ ሰው አይተኛም። በዕረፍቴ ቀን በአሮጌው ከተማ የተጠገኑ ቤቶችን አይቻለሁ፤ ባርጂል የሚሉት የነፋስ ግንብ አላቸው። ከሥሩ ቆሜ ቀና ስል ነፋሱ ፊቴን ዳሰሰኝ። ነገር ግን ያንን ግንብ ያስጎበኘን ሰው ራሱ የሚኖረው በአፓርታማ ነው። ወለላ፣ እኔ ብሆን የብሎኬቱን እመርጣለሁ። የመብራት ሒሳቡን ግን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ወለላ (ፖርት ኦፍ ስፔን)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መብራት የሚመነጨው በአገሪቱ የተፈጥሮ ጋዝ ስለሆነ ርካሽ ነው ብለውኛል። ዛሬ መፍቻ ይዤ ሄጄ ነበር። ከኋላ ደረጃው ሥር ጤፉን አገኘሁት፤ በመዳፌ ዘግኜ ለባለቤቲቱ ባሳያቸው «እሱ ከእኔ በፊት የነበረ ነው» ብለው ሳቁ። ፎቶግራፉን ለመፈረም ፈቃደኛ ናቸው፤ የዲፖዚቱን አንቀጽ ግን አይለውጡም።

መምህር፣ አንድ ጥያቄ ላክል። የቻጓናሱ ቤት ለምን ከታች ባዶ ሆኖ ተሠርቶ በኋላ ተዘጋ?

መምህሩ (ቶባጎ)

ጥሩ ጥያቄ ነው። የሕንድ ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦች መጀመሪያ የኖሩት በእርሻዎቹ ተርታ ሰፈሮች ውስጥ ነው። ኮንትራታቸው ሲያልቅ በያዙት መሬት ላይ የሠሩት ግን እዚህ ታፒያ የሚባለውን ቤት ነበር። እንጨቱ እንደ እኛ ማገር ይታሰራል፤ ጭቃው ታፒያ ከተባለው ሣር ጋር በእግር ይረገጣል፣ ይለጠፋል። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ስለሚሠራም ጋያፕ ይሉታል፤ ቁርጥ ደቦ ማለት ነው። ሴቶቹ ወለሉንና ግድግዳውን በእበትና በጭቃ ይለቀልቁታል፣ ስሙም ሊፔ ይባላል። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን የአያቴ ቤት ባሕር ተሻግሮ የመጣ መሰለኝ።

አቅም ሲገኝ ቤቱን በምሰሶ ላይ ከፍ ማድረግ መጣ። ከሥር ያለው ጥላ ቀን ቀን ሃማክ የሚሉት ተንጠልጣይ መኝታ ተሰቅሎ የሚታረፍበት፣ በድግስ ጊዜ የሚበሰልበት፣ ሠርግ የሚደገስበት ሆነ። በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ ግን ለሲሚንቶ የሚሆን ገንዘብ ተገኘ፤ ልጆች አገቡ፤ ሥሩ በብሎኬት ተዘጋ። እርስዎ የሚከራዩት እንግዲህ የአንድን ቤተሰብ የሠርግ አዳራሽ ነው። ሲሚንቶው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ስለሚመልሰውም ኤርኮንዲሽነር አስፈለገው። የጥንቶቹ የጭቃና የእንጨት ቤቶች ይህን ችግር አያውቁትም ነበር።

የደንበጫው (ደንቨር)

ይቅርታ መምህር፣ ይህን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። በጭቃ ቤት ያደግሁት እኔ ነኝ። ከዘመን መለወጫ በፊት በየዓመቱ እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ እበቱን ስታቦካ አብሬያት ነበርኩ፤ ክረምቱ ያላፈረሰው ግድግዳ አልነበረም። ቁንጫውስ? ጭሱስ? ከሩቅ ሆኖ «አያቴ ቤት መሰለኝ» ማለት ቀላል ነው። የትሪኒዳድ ሰዎች ገንዘብ ባገኙ ማግስት ወደ ሲሚንቶ የሮጡት ሞኞች ስለሆኑ አይደለም። በአክብሮት እጠይቅዎታለሁ፦ እርስዎ ራስዎ የሚኖሩት በምን ዓይነት ቤት ነው?

መምህሩ (ቶባጎ)

በብሎኬት ቤት ነው። ሁለት ኤርኮንዲሽነር አለው። ነገር ግን ያ መልስ ክርክሩን አይዘጋውም። እኔ ጭቃ ቤት ይሻላል አላልኩም፤ ነፋስን የሚያስገባ መስኮት ለመክፈት ዕውቀቱ ነበረን፣ በሲሚንቶ ቤት ውስጥም ልንጠቀምበት እንችል ነበር፣ አልተጠቀምንም ነው ያልኩት። በ1958 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ጃንሆይ ትሪኒዳድን ሲጎበኙ ገና ሳይታሸጉ የነበሩት ቤቶች ዛሬ በአሉሚኒየም ታሽገዋል።

አናጢው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

በዚህ ከመምህር ጋር ነኝ። የደንበጫው ወንድማችን፣ ግድግዳ የሚፈርሰው ጭቃ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ መሠረቱ ድንጋይ ስለሌለውና የጣሪያው ክፈፍ አጭር ስለሚሆን ውኃው ግርጌውን ስለሚበላው ነው። ክፈፉን አንድ ክንድ ብታስረዝመው እናትህ በየዓመቱ ባልደከሙ ነበር።

የደንበጫው (ደንቨር)

ያን አንድ ክንድ ቆርቆሮ የሚገዛው ማን ነበር? ቆርቆሮው ራሱ የመጣው እኔ ደንቨር ገብቼ መኪና ማቆሚያ በጠበቅሁበት ገንዘብ ነው። ያም ሆኖ አሁን ደውዬ ጠየቅኋት። ጭቃው ከጭድ ጋር ቢያንስ ሳምንት መቦካት እንዳለበት፣ የመጨረሻው ልቅለቃ አመድ ካልገባበት እንደሚሰነጠቅ ነገረችኝ፤ በሣር የሚሉት እንዴት እንደሚይዝ አልገባትም። ስለ ደሴቲቱም የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከብት አለ ወይ አለችኝ።

መምህሩ (ቶባጎ)

አለ፤ ጎሽም አለ። ሣሩ ረጅምና ጠንካራ ስለሆነ እንደ ጭድ ያስራል ብለው ይንገሩልኝ። አመድ ስለመግባቱ ግን በመንደሬ ያሉ አንዲት አሮጊት አሉና ነገ ጠይቄ እመለሳለሁ።

ወለላ (ፖርት ኦፍ ስፔን)

ወንድሞቼ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው። ባለቤቴ የቻጓናሱን ይላል፤ እኔ ደግሞ የእንጨቱ ቤት ቁልፍ ለአንድ ሌሊት ተሰጥቶኝ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍላችሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ስልክም መስማት አልቻልኩም። ዲፖዚቱን በሁለት ጊዜ ልክፈል ብዬ ባለቤቲቱን ብጠይቃቸው ነውር ይሆን? እስቲ ይህን መልሱልኝ።