«ጉሉኮሱን አፍጥኑልን» ለሚሉ አስታማሚዎች ምን ትላላችሁ?

ሰላም ባልደረቦቼ፣ ሐዋሳ የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ነርስ ነኝ። 1000 ሚሊ ሊትር ጉሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲገባ ሲታዘዝ፣ 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር በሆነ መስመር በደቂቃ 42 ጠብታ ያህል ነው። አስታማሚ ግን ዞር ስንል መቆጣጠሪያውን ራሱ ይከፍተዋል። ልቡ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ፈሳሹ ሳንባው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። የሚያሳዝነው፣ የከለከለችው ነርስ በእርካታ መጠይቁ ዝቅተኛ ነጥብ ታገኛለች። መጠይቁ የሚሞላው ታካሚዎች ከሆስፒታል ሲወጡ ስለሆነ የካርድ ክፍልና የመድኃኒት ቤት ወረፋ ምሬትም እኛው ላይ ይወድቃል።

በየ125 ሚሊ ሊትሩ (በአንድ ሰዓት የሚገባው መጠን ነው) ፕላስተር ለጥፎ ሰዓት በመጻፍ ለአስታማሚ ያሳየ አለ? በሲዳምኛና በአማርኛ ምን ብላችሁ አስረዳችሁ? መጠይቁን በየክፍሉ ያስለያችሁስ፣ ኃላፊዎችን እንዴት አሳመናችሁ?